ለሥር የሰደደ ራስ ምታት የሚሰጡ መርፌዎች፦ ከጨው ውሃ በስንት ይሻላሉ?

የካ_ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁ። ለማይግሬን ስለሚሰጡ መርፌዎች የሚወራው ጫፍና ጫፍ የያዘ ነው። አንዱ "ተወግቶ ዳነ" ይላል፣ ሌላው "ገንዘብ መብያ ነው" ይላል። እዚህ ሙያው ያላችሁ ሰዎች ስላላችሁ ቁጥሩን አውጥታችሁ ብታስረዱን ብዬ ክሩን ከፈትኩ። የምጠይቀው ስለ ሦስቱ ነው፤ በየሦስት ወሩ ራስና አንገት ላይ የሚወጋው ቦቶክስ፣ በየወሩ ሆድ ወይም ጭን ላይ የሚወጉት አዲሶቹ መድኃኒቶች፣ እና ማጅራት ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ። ከባዶ መርፌ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) በስንት ይሻላሉ? ለማን አይሆኑም? መቼ ነው "በቃ፣ አልሠራም" የሚባለው?

ኒውሮ_ሐኪም

ከመርፌው በፊት የበሽታውን ስም እናስተካክል፤ ማስረጃው ለሁሉም ራስ ምታት አይደለምና። ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚባለው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራስን የሚያም፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየ፣ ከቀናቱም ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ጠባይ ያላቸው ሲሆን ነው። በአንድ ጎን መውቃት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ ደረጃ ሲወጡ መባስ ማለቴ ነው። በወር አምስት ወይም ስድስት ቀን የሚመጣ ማይግሬን ከዚህ ውጭ ነው፣ ቦቶክስም በዚያ ላይ ተሞክሮ አልሠራም። ለውጥረት ራስ ምታትም እንዲሁ። የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለሥር የሰደደ ማይግሬን "ይሰጥ"፣ ለአልፎ አልፎው ማይግሬን "አይሰጥ"፣ ለሥር የሰደደው የውጥረት ራስ ምታት ደግሞ "የሚጠቅም አይመስልም" ብሎ ለይቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሌላው የሚምታታው ነገር በየክሊኒኩ መቀመጫ ላይ የሚሰጠው የዳይክሎፌናክ መርፌ ነው። እሱ የዚያን ዕለት ሕመም ያስታግሣል እንጂ ራስ ምታቱ እንዳይመጣ አይከላከልም። በየሳምንቱ ከተወጉት ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ራስ ምታቱንም ያባብሳል።

በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ እጅ እግር ያዛለ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት የዚህ ክር ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ቁጥር_አንባቢ

የቦቶክስ ማስረጃ በዋናነት የቆመው ፕሪኤምፕት 1 እና 2 በተባሉ ሁለት ጥናቶች ላይ ነው። በ2010 ነው የታተሙት፤ ሁለቱ ሲደመሩ 1,384 ሰው ነበራቸው። ሰዎቹ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቦቶክስ፣ ግማሾቹ ጨው ውሃ በተመሳሳይ ቦታ ተወግተው ለ24 ሳምንት ተቆጠሩ። ሲገቡ በ28 ቀን ውስጥ 20 ቀን ያህል ያማቸው ነበር።

ውጤቱ ሲደመር፣ ቦቶክስ የተወጉት 8.4 ቀን ቀነሰላቸው፤ ጨው ውሃ የተወጉት 6.6 ቀን። ልዩነቱ 1.8 ቀን ነው። ማስታወቂያው የሚያወራው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። የመድኃኒቱ የራሱ ድርሻ ግን ልዩነቱ ነው። በ2018 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማም እነዚህን ሁለት ጥናቶች ይዞ በወር ሁለት ቀን ገደማ ላይ ነው የደረሰው።

አንድ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ፕሪኤምፕት 1 ሲጀመር ዋና መለኪያው የራስ ምታት "ጊዜያት ብዛት" ነበር፤ በዚያ መለኪያ ቦቶክስ 5.2፣ ጨው ውሃ 5.3 ቀነሱ፣ ማለትም እኩል ወጡ። የሁለተኛው ጥናት ዋና መለኪያ ወደ "ራስ ምታት ቀናት" የተቀየረው ውጤቱ ከመከፈቱ በፊት፣ የመጀመሪያው ውጤት ግን ከታወቀ በኋላ ነው። በአዲሱ መለኪያ 9.0 ለ6.7 ወጣ። በየጊዜው ራሱን ለሚያመው ሰው ቀን መቁጠር ይበልጥ ትርጉም አለው በሚለው እስማማለሁ፤ አንድ ሕመም ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላልና። ቢሆንም በዋናው መለኪያው የወደቀ ጥናት መሆኑ ከሚዛኑ ላይ መነሣት የለበትም።

የካ_ነዋሪ

ስለዚህ ለዚያ ሁሉ መወጋትና ወጪ በወር ሁለት ቀን እንኳ ካልሞላ ምን ዋጋ አለው? ደግሞስ ጨው ውሃ ስድስት ቀን ተኩል የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ቁጥር_አንባቢ

ሁለተኛውን ላስቀድም። ሰው ወደ ጥናት የሚገባው በጣም በባሰበት ወር ነው። ምንም ባይደረግለትም ቀጣዩ ወር ብዙ ጊዜ ወደ ተለመደው መጠን ይወርዳል። በዚያ ላይ ተስፋው አለ፤ 31 ጊዜ ራስ ላይ መወጋት ከአንድ ክኒን የበለጠ ተስፋ ይሰጣል። ማስታወሻ መያዝ፣ ሐኪም በየጊዜው ማየትም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ እውነተኛ መሻል ነው፣ ግን ከቦቶክሱ የመጣ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ደግሞ፣ አማካይ ቁጥር ሰውን ይደብቃል። ከቦቶክስ ወገን 47 ከመቶው፣ ከጨው ውሃ ወገን 35 ከመቶው ቀናቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶላቸዋል። ልዩነቱ 12 ከመቶ ስለሆነ ስምንት ሰው ብትወጉ፣ ያለ መድኃኒቱ የማይገኝ ግማሽ ቅናሽ የሚያገኘው አንድ ሰው ነው። ለዚያ አንድ ሰው ግን ከ20 ቀን ወደ 9 መውረድ ሥራ መመለስ ማለት ነው። አስቀድሞ ማን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ሞክሮ መለካት፣ ካልሆነ ማቆም ግድ ይላል።

ሌላው የሚያሳስበኝ መታወቁ ነው። ቦቶክስ የግንባርን መሸብሸብ ያጠፋል። የተወጋው ሰው መስታወት ሲያይ ግንባሩ አልንቀሳቀስ ካለው "እውነተኛውን ነው ያገኘሁት" ብሎ ይገምታል፣ ግምቱም የሚሞላውን ማስታወሻ ያዘነብለዋል። ከ1.8 ቀኑ ውስጥ ይህ ስንቱን እንደወሰደ ከጥናቶቹ ተነጥሎ አይወጣም።

ኒውሮ_ሐኪም

ቁጥር አንባቢ ያልከው ልክ ነው፤ ሚዛኑ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ታካሚ ፊት ለፊት ያለው ምርጫ ቦቶክስ ወይስ ጨው ውሃ አይደለም፤ ቦቶክስ ወይስ ቶፒራሜት የተባለው የመከላከያ ክኒን ነው። በ2019 የወጣው ፎርዋርድ የተባለ ጥናት 282 ሰው በዕጣ ለሁለቱ መድቦ፣ በግማሽ የቀነሰላቸው በቦቶክስ 40 ከመቶ፣ በቶፒራሜት 12 ከመቶ ሆነው አገኘ። ሰው የሚቋቋመው መድኃኒት ነው የሚጠቅመው።

ቁጥር_አንባቢ

ዶክተር፣ እሱን ጥናት ሲያነቡ ማን እንዳቋረጠ ይዩልኝ። ከቶፒራሜቱ ወገን 80 ከመቶው ትተው ወጡ፣ ከቦቶክሱ 14 ከመቶው። ትቶ የወጣ ሰው "ምንም አልቀነሰለትም" ተብሎ ነው የተቆጠረው። ሰዎቹም ሐኪሞቹም ማን ምን እንደሚወስድ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ የሚያሳየው ቶፒራሜት ለመቋቋም ከባድ መሆኑን ነው። ቦቶክስ በሦስት እጥፍ ይበልጣል የሚለው ከዚያ አይወጣም።

ኒውሮ_ሐኪም

በዚህ እስማማለሁ። ጣትን መውረር፣ ቃል መጥፋት፣ ክብደት መቀነስ፤ ቶፒራሜትን የሚያስጥሉት እነዚህ ናቸው። ከ25 ሚሊግራም ጀምሮ በየሳምንቱ 25 እየጨመሩ ወደ 100 ቀስ ብሎ መድረስ ይረዳል። ልትፀንስ የምትችል ሴት ግን በፅንሱ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ሳይኖራት ልትጀምረው አይገባም። ቫልፕሮይክ አሲድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ለማይግሬን መታዘዝ የለበትም።

ሲስተር_መርፌ

ስለ አወጋጉ ጥቂት ላስረዳ፣ "ተወጋሁ አልሠራልኝም" ከሚሉት ውስጥ የተወጉት ትክክለኛው አሠራር ያልሆነ አሉና። የጥናቱ አሠራር እንዲህ ነው፤ 155 ዩኒት፣ 31 ቦታ፣ በየቦታው 5 ዩኒት። ባለ 200 ዩኒቱ ብልቃጥ በ4 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 100ው በ2 ሚሊ ሊትር ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ኖርማል ሳላይን ይበጠበጣል። ያኔ 0.1 ሚሊ ሊትሩ 5 ዩኒት ይሆናል። ሳላይኑ ሲገባ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ባዶ ግፊት ራሱ ሊስበው ይገባል፤ ካልሳበ ብልቃጡ ይጣላል። አይናጥም፣ በእጅ ቀስ ብሎ ይዟዟራል። ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት።

መርፌው 30 ጌጅ፣ ግማሽ ኢንች። ከቅንድቦቹ በላይ በግራና በቀኝ 10 ዩኒት በ2 ቦታ፣ በመካከላቸው 5 ዩኒት በ1 ቦታ፣ ግንባር 20 በ4፣ ጆሮ ግንድ በሁለቱም በኩል 40 በ8፣ የራስ ቅል ጀርባ 30 በ6፣ የላይኛው አንገት 20 በ4፣ ትከሻ 30 በ6። ደምሩት፣ 155 ይመጣል። ሕመሙ በሚበረታበት ጎን እስከ 40 ዩኒት ተጨምሮ 195 ሊደርስ ይችላል። ግንባር ላይ ብቻ አምስት ስድስት ቦታ ወግቶ "የማይግሬን ቦቶክስ" ብሎ ማስከፈል የመሸብሸብ ሕክምና ነው።

የሚበላሸው የት ነው? በግንባር ሲወጋ በጣም ወደ ታች ከወረደ ወይም ጠልቆ ከገባ መድኃኒቱ የዐይን ቆብን ወደሚያነሣው ጡንቻ ይሰርግና ቆቡ ይወርዳል። በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ይህ በ4 ከመቶ ላይ ታይቷል፤ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አንገት ላይ ደግሞ ዝቅ ብሎና ጠልቆ ከተወጋ አንገት ይዝላል፣ ጭንቅላት ይከብዳል። የአንገት ሕመም በቦቶክስ 9፣ በጨው ውሃ 3 ከመቶ ነው። አንገቷ ቀጭን የሆነች ሴት ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈራል፤ መርፌው ከራስ ቅሉ ሥር ከፍ ብሎና ሳይጠልቅ መግባት አለበት። የተወጋውን ቦታ በዚያ ቀን ማሸት አያስፈልግም።

ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያዝል በሽታ) ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየተወጋ ያለ ሰውም ይቆይ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የጡንቻ መዛል ይበረታል።

የካ_ነዋሪ

እናመሰግናለን ሲስተር። ስሙ ቦቶክስ ያልሆነ፣ ረከስ ያለ ሌላ ብልቃጥ "ያው ነው" እየተባለ ሲቀርብስ?

ሲስተር_መርፌ

ያው አይደለም። ዩኒት ማለት እንደ ሚሊግራም በሁሉም ፋብሪካ እኩል የሆነ መለኪያ አይደለም። ዲስፖርት የተባለው የሌላ ፋብሪካ መርፌ 155 ዩኒት ከቦቶክስ 155 ዩኒት ጋር አንድ አይደለም፣ የማይግሬኑም ጥናት የተሠራው በቦቶክስ ነው። አመሳስለው የሠሩት የሐሰት ብልቃጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ከሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ካልተያዘ መርፌ በኋላ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው የጤና ባለሥልጣናቱ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ብልቃጡን ታሽጎ እንዳለ አሳዩኝ፣ ፊቴ በጥብጡት ማለት መብት ነው። ከተወጉ በኋላ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ሳይቆዩ ሆስፒታል።

ኒውሮ_ሐኪም

አሁን ከማስረጃው ሁሉ ትልቅ ቦታ የምሰጠውን ላንሣ፤ በማስታገሻ ብዛት የሚመጣ ራስ ምታት። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን (የማይግሬን ማስታገሻ)፣ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ካፌይን የተቀላቀለበት ክኒን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሰው ራስ ምታቱን የሚያቆየው ክኒኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። በፕሪኤምፕት ከገቡት ውስጥ ሦስት ሁለት እጁ እንዲህ ዓይነት ነበሩ።

በ2019 የታተመ ከሆላንድ፣ ከላይደን የወጣ ጥናት ይህንን ጠየቀ። 179 ሰው ማስታገሻውን በአንድ ጊዜ እንዲያቆሙ ተደረገ፤ ግማሾቹ ቦቶክስ 155 ዩኒት፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ ተወጉ። ቀናቸው በቦቶክስ 26.9 ከመቶ፣ በባዶው 20.5 ከመቶ ቀነሰ፣ ልዩነቱም ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ማለትም ማስታገሻውን ለሚያቆም ሰው ቦቶክሱ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልጨመረለትም።

ቁጥር_አንባቢ

የላይደኑ ጥናት ሌላም ብልሃት ነበረው። የባዶው መርፌ ወገን ግንባሩ ላይ ብቻ 17.5 ዩኒት እውነተኛ ቦቶክስ ተሰጠው፤ የሁለቱም ግንባር እንዲለሰልስ፣ በመስታወት ማንም እንዳይለይ። ቅድም ያልኩትን መታወቅ ለመዝጋት የሞከረ ጥናት ይህ ነው፣ ልዩነቱም ጠበበ። ተቃራኒው መከራከሪያም አለ፤ ያ 17.5 ዩኒት ራሱ ትንሽ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይበልጥ የማምነው ይህንን አሠራር ነው።

ፋርማሲስት_ሜሪላንድ

ስለ ወርኃዊዎቹ እኔ ልጻፍ። ማይግሬን ሲነሣ ሲጂአርፒ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን በራስ ነርቭ ጫፎች ላይ ይለቀቃል። መድኃኒቶቹ እሱን ወይም የሚያርፍበትን ቦታ የሚዘጉ አንቲቦዲዎች ናቸው። ኤሬኑማብ (ኤሞቪግ) በ2018 ግንቦት ላይ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ 70 ወይም 140 ሚሊግራም በየወሩ። በዚያው ዓመት መስከረም ፍሬማኔዙማብ (አጆቪ) 225 በየወሩ ወይም 675 በየሦስት ወሩ፣ እና ጋልካኔዙማብ (ኤምጋሊቲ) በመጀመሪያው ቀን 240፣ ከዚያ 120 በየወሩ። ኤፕቲኔዙማብ (ቫይፔቲ) በ2020 መጣ፤ እሱ በደም ሥር በየሦስት ወሩ 100 ወይም 300 ሚሊግራም ነው።

በሥር የሰደደ ማይግሬን ላይ፦ ኤሬኑማብ በ667 ሰው 6.6 ቀን ቀነሰ፣ ባዶው 4.2። ፍሬማኔዙማብ በ1,130 ሰው በየሦስት ወሩ ሲሰጥ 4.3፣ በየወሩ ሲሰጥ 4.6፣ ባዶው 2.5። ጋልካኔዙማብ በ1,113 ሰው 4.8፣ ባዶው 2.7። ኤፕቲኔዙማብ በ1,072 ሰው በ100 ሚሊግራም 7.7፣ በ300 ሚሊግራም 8.2፣ ባዶው 5.6። ልብ በሉ፣ የመጨረሻው ከሁሉ የበለጠ የቀነሰ ይመስላል፣ ነገር ግን በደም ሥር የሚንጠባጠበው ባዶ ውሃም ከሌሎቹ ባዶዎች በላይ ቀንሷል። አንዱ ጥናት የማይግሬን ቀን፣ ሌላው መካከለኛና ከባድ የራስ ምታት ቀን ስለሚቆጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ አይቻልም። ልዩነቱን ብቻ ካያችሁ ሁሉም ከባዶው በሁለት ቀን ዙሪያ ናቸው፤ ከቦቶክስም እጅግ አይርቁም።

የካ_ነዋሪ

ታዲያ ከቦቶክስ የማይርቁ ከሆነ ለምን ቅድሚያ ይሰጣቸዋል?

ፋርማሲስት_ሜሪላንድ

ሰው ስለማይተዋቸው ነው። ሄርመስ በተባለው ጥናት 777 ሰው ማን ምን እንደሚወስድ ሳይታወቅ ኤሬኑማብ ወይም ቶፒራሜት ተሰጠው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት በኤሬኑማብ 10.6 ከመቶ፣ በቶፒራሜት 38.9 ከመቶ። በግማሽ የቀነሰላቸው 55.4 ለ31.2። ይህ እንደ ፎርዋርድ የሚያስጠረጥር አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የመርፌና የክኒን አስመሳይ ተሰጥቷቸዋል። የአሜሪካ የራስ ምታት ማኅበርም በ2024 እነዚህን ሌሎች ክኒኖች ሳይሞከሩ ከመጀመሪያው ሊሰጡ ይችላሉ ብሏል። ኢንሹራንሶች ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ክኒን መውደቁን የሚያሳይ መዝገብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ያቋረጣችሁት መድኃኒት መጠኑ፣ የወሰዳችሁበት ጊዜና ያቆማችሁበት ምክንያት በካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።

ጉዳታቸው፦ የተወጉበት ቦታ መቅላት ለሁሉም፤ ለኤሬኑማብ ደግሞ የሆድ ድርቀት። መግለጫው ላይ ለከባድ ድርቀትና ለደም ግፊት መጨመር ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል። ቀድሞ ድርቀት ያለበት ሰው ከአጆቪ ወይም ከኤምጋሊቲ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። ግፊት በየወሩ ይለካ።

ዱባይ_ሐበሻ

ከዚህ ገዝቶ አዲስ አበባ ላለ ሰው መላክ ይቻላል? እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ፋርማሲስት_ሜሪላንድ

በሰው ሻንጣ የሚላክ ነገር አይደለም ወንድሜ። ያለ ትእዛዝና ያለ ክትትል መሰጠቱ የመጀመሪያው ችግር ነው። ሁለተኛው ቅዝቃዜው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ኤሞቪግ፣ አጆቪና ኤምጋሊቲ ከፍሪጅ ውጭ በክፍል ሙቀት እስከ 7 ቀን ይቆያሉ፣ ክፍል ሲባል ግን የመኪና ውስጥ ወይም የአየር ማረፊያ መጋዘን አይደለም። በረዶ ላይ በቀጥታ ተኝቶ ከቀዘቀዘና ከጠጠረ ደግሞ ቢሟሟም ይጣላል፤ ፕሮቲኑ ተበላሽቷል፣ መልኩ ግን ላይለወጥ ይችላል። ታካሚው ራሱ ይዞ የሚጓዝ ከሆነ በእጅ ሻንጣ፣ የበረዶ ጥቅሉ በፎጣ ተለይቶ፣ የሐኪም ወረቀት አብሮት። ከመወጋቱ 30 ደቂቃ በፊት ከፍሪጅ ይውጣ፤ ቀዝቃዛው ነው የሚያቃጥለው። ፀሐይ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ማሞቅ አይቻልም፣ መናጥም እንዲሁ።

ማደንዘዣ_ባለሙያ

የማጅራቱ መርፌ ርካሽና በየሆስፒታሉ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ለአገራችን ይበልጥ የሚነሣው እሱ ነው። ማስረጃው ግን እንደ ራስ ምታቱ ዓይነት ይለያያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ታካሚው ተቀምጦ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ በክንዱ ያስደግፋል። ከራስ ቅል ኋላ ያለችውን የአጥንት ጉብታና ከጆሮ ጀርባ ያለውን አጥንት በጣት ታገኛላችሁ። ከጉብታዋ ወደ ጆሮው ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛው ላይ በጣት ጫን ሲባል የደም ሥር ትርታ ይሰማል፤ ነርቩ ከትርታው ወደ መሃል በኩል ነው። ብዙ ጊዜ ቦታው ሲጫኑት ያማል። በ25 ወይም 27 ጌጅ መርፌ አጥንት እስኪነካ ገብቶ፣ ትንሽ ተስቦ፣ ደም አለመምጣቱ ታይቶ፣ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ሊዶኬይን ወይም ቡፒቫኬይን ይሰጣል። ባለ 2 ከመቶ ሊዶኬይን 2 ሚሊ ሊትር 40 ሚሊግራም ነው፤ በሁለቱም በኩል ቢሰጥ እንኳ ለአዋቂ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነው። ከዚያ በጥጥ ይጫናል፣ ታካሚው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሳይነሣ ይቆያል፤ ሲነሡ ራስን መሳት የተለመደ ነው። የራስ ቆዳ እስከ መሃል አናት ከደነዘዘ ነርቩ ተገኝቷል።

የራስ ቅል አጥንት በኋላ በኩል ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ላይ አይሠራም፤ መድኃኒቱ ወደ አንጎል አካባቢ ሊገባ ይችላል።

ማስረጃው፦ ለክላስተር (በአንድ ዐይን ዙሪያ በቀን ደጋግሞ ለሚመጣ ከባድ) ራስ ምታት ጠንካራ ነው። በ2011 በፈረንሳይ በ43 ሰው ላይ ስቴሮይድ ሦስት ጊዜ ማጅራት ላይ ተሰጥቶ፣ ከ21ዱ 20ዎቹ በቀን ወደ ሁለትና ከዚያ በታች ሕመም ወረዱ፤ ከባዶዎቹ ከ22ቱ 12። ለማይግሬን ግን በ2015 የታተመው የማዮ ክሊኒክ ጥናት ቡፒቫኬይን ከ20 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ጋር አንድ ጊዜ ሰጥቶ ከባዶው ጋር አነጻጸረ። በግማሽ የቀነሰላቸው በሁለቱም 30 ከመቶ ሆነ። ያለ ስቴሮይድ በየሳምንቱ ለአራት ሳምንት የሚሰጥ ማደንዘዣ ጠቀመ የሚሉ ትናንሽ ጥናቶች አሉ። እኔ የምጠቀምበት ለድልድይ ነው፤ ማስታገሻ በሚቆምባቸው ሳምንታት ወይም የመከላከያው ክኒን እስኪሠራ። ለዓመታት እየደጋገሙ ለመኖር የሚያበቃ ማስረጃ የለውም።

ቁጥር_አንባቢ

የማዮዎቹም ባዶው ውስጥ ሩብ ሚሊ ሊትር ባለ 1 ከመቶ ሊዶኬይን ከሳላይን ጋር ቀላቅለዋል፤ ትንሽ እንዲደነዝዝና እንዳይታወቅ። በደንብ በተሸፈኑ ቁጥር ልዩነታቸው እየጠበበ የሚሄዱ ጥናቶች ሲበዙ ወደ ጥርጣሬ አዘነብላለሁ።

ሲስተር_መርፌ

ስቴሮይድ ስለሚቀላቀልበት አንድ ነገር ልጨምር። ትራይአምሲኖሎን ከቆዳ ሥር ሲቀር ፀጉር በክብ ይረግፋል፣ ቆዳውም ይጎደጉዳል። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ላይ ቶሎ ይታያል። ለማይግሬን ስቴሮይዱ የጨመረው ጥቅም ካልታየ ማደንዘዣውን ብቻ መስጠት ይሻላል። ስኳር ያለበት ሰው ላይም ለቀናት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

ኒውሮ_ሐኪም

ቅደም ተከተሉን የምመክረው በዚህ መልኩ ነው። ማስታገሻው ይቆጠርና ከልክ ካለፈ ይቁም፤ ትራማዶል ከሆነ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ። ከዚያ ርካሽና እዚህ የሚገኝ ክኒን፤ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ 10 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 10 እየተጨመረ እስከ 50፣ ወይም ፕሮፕራኖሎል ከ40 ተጀምሮ በቀን እስከ 160። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አይውሰድ። "አልሠራም" የሚባለው በሙሉ መጠን ስምንት ሳምንት ተወስዶ ነው። 10 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ለአሥር ቀን ወስዶ መተው መሞከር አይባልም፣ ወደ መርፌ የሚሸጋገሩት ብዙዎቹ ደግሞ ከዚህ ነው የሚነሡት።

ቦቶክስ ከተጀመረ የማቆሚያው መስመር አስቀድሞ ይጻፍ። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2012 ያወጣው ደንብ ይጠቅማል፤ ሦስት የመከላከያ መድኃኒት ከወደቀ በኋላ ይጀመራል፣ ከሁለት ዙር በኋላ የራስ ምታት ቀኑ ቢያንስ በ30 ከመቶ ካልቀነሰ ይቆማል። 20 ቀን የነበረ ሰው ወደ 14 መውረድ አለበት ማለት ነው። ሦስት ወር በተከታታይ ከ15 ቀን በታች ከሆነም ይቆማል፤ ከቆመ በኋላ ከተመለሰ እንደገና መጀመር ይቻላል። ለወርኃዊዎቹ ደግሞ ሦስት ወር፣ ለሦስት ወሩ መርፌ ስድስት ወር ሳይሞላ አትፍረዱ።

ዱባይ_ሐበሻ

ለመፀነስ ያሰበች ሴትስ ወርኃዊውን መቼ ታቁም?

ፋርማሲስት_ሜሪላንድ

የኤሬኑማብ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 28 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አምስት ወር፣ ቢቻል ስድስት ወር አስቀድማ። በእርግዝና ላይ ያለው መረጃ ገና ትንሽ ነው። ለነፍሰ ጡር የማጅራቱ ሊዶኬይን ያለ ስቴሮይድ ከብዙዎቹ ክኒኖች የተሻለ ምርጫ ነው፤ ያለ ጠንካራ ማስረጃም የምንጠቀምበት ለዚህ ነው።

የካ_ነዋሪ

የመጨረሻ ጥያቄ፤ ማስታወሻው እንዴት ይያዝ? ቀላል ራስ ምታትም ይቆጠራል?

ሲስተር_መርፌ

ይቆጠራል። ቀላሉን ከተዋችሁት የመጀመሪያው ቁጥር ያንሳል፣ በኋላ ቢቀንስም አይታይም። ደብተር ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ትሠራላችሁ፤ ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ከ0 እስከ 3 ብርታቱ (3 ማለት አልጋ ላይ ያዋለ)፣ የተወሰደው ማስታገሻ ስምና ብዛት፣ ለሴት የወር አበባ ቀን። ያላመመበት ቀንም 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወ መስመር ረስታችሁት ይሁን አሟችሁ አይለይም። ማታ ከመተኛት በፊት ይሞላ፤ በቀጠሮ ዋዜማ ከትዝታ የተሞላ ደብተር አይረዳም።

በወር ሳይሆን በ28 ቀን ክፈሉት። የቦቶክስ ዙር 12 ሳምንት ስለሆነ በልኩ ሦስት ባለ 28 ቀን ክፍል ይወጣዋል። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ያለው አንድ ሙሉ ክፍል መነሻችሁ ነው፤ ያለ እሱ 30 ከመቶ የሚባል ነገር የለም። ከዙሩ መጨረሻ ሁለት ሳምንት ላይ ብዙ ሰው ይብስበታል፣ መድኃኒቱ እየለቀቀ ነው። ስለዚህ ለፍርድ የምትወስዱት የሁለተኛውን ዙር መካከለኛ ክፍል ብቻ ሳይሆን የሦስቱንም አማካይ ይሁን፤ የማስታገሻ ክኒኖቹም ድምር ለብቻው ከግርጌ ይጻፍ።